ዲፍረንሻሉን ማን ውሃ አጠጣው?

ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው ግፍ ይኼ ነው። አያ ተካ የሚባል፣ አሥራ አንድ ዓመት ማኪናችንን የነዳ ሰው፣ የዲፍረንሻል ዘይት ቀድቶ ሸጦ በምትኩ ውሃ ሞልቷል ተብሎ በሽማግሌ ፊት ሌባ ተባለ። አልሰረቀም። ሌባ ነው ብላ የፈረደችበትን ሴት ስም ብደብቅላት ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ ነው። ስጽፍ እጄ ይደክማል፤ አፌ ግን አይደክምም። ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው ልጄ «እማዬ፣ በአጭሩ ጻፊው» ብላኛለች። ሌባ ለማለት አንድ ቃል በቅቶኝ ነበር። አይደለም ለማለት ግን ይኸው ሁለተኛውን ደብተር ጀምሬያለሁ።

ማኪናዋ አራቱም ጎማዋ የሚስብ አሮጌ የተራራ ማኪና ናት። «በቅሎዋ» እንላታለን። ሟቹ ባለቤቴ ከወንድሙ ከይርጋ ጋር በጋራ የገዟት ስለሆነች፣ ባለቤቴ ሲሞት ግማሿ ለእኔ ደረሰ። የትኛው ግማሽ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ይርጋ መሪ ያለበት የፊቱ ግማሽ የእሱ እንደሆነ አድርጎ ስለሚያወራ፣ እኔም የኋላውን ግማሽ እንደ ጓዳዬ እጠብቀው ነበር።

በቅሎዋ ከጎንደር ተነሥታ አምባ ጊዮርጊስ ትወጣለች፤ ከዚያ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ ወደ ገጠር ትወርድና ገብስና ሰው ይዛ ትመለሳለች። ያን ጊዜ መንገዱ አስፋልት የሚባል አላየም። ከታች ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው የበቅሎዋን ሆድ እየላሰ ያሳልፋታል። አያ ተካ ግን አንድም ቀን ወንዝ ውስጥ አቁሟት አያውቅም። ድሮ ወታደር ቤት ከባድ መኪና ነድቷል። ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሲናገርም እንደዚያው ነው፣ ቃሉ ቀስ ብሎ ይወጣል። ተሳፋሪው ሁሉ አያ ተካ ይለዋል። እኔ በዕድሜ ስለምበልጠው ተካ ብቻ እለዋለሁ።

አሁን ዲፍረንሻል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅሁት በስንት መከራ ነው። ከኋላ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ቅል የመሰለ የብረት ሆድ አለ። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ብረቶች ዘይት ውስጥ ተነክረው ይሽከረከራሉ። የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያካፍለው እሱ ነው፤ መታጠፊያ ላይ አንዱ ጎማ ብዙ ሲሮጥ ሌላው ጥቂት እንዲሮጥ ይፈቅዳል። ይኼን ስሰማ ወደድኩት። ለሁለቱም እኩል አድርጎ ሳይሆን እንደሚያስፈልጋቸው የሚያካፍል ብረት! ከዋርሳዬ ከይርጋ ይሻላል አልኩ።

አንድ ቀን አዘዞ ኑሩ ጋራዥ ወሰድናት። ኑሩ መካኒክ ነው። አባቱም አያቱም በጎንደር ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ግን ከጨርቅ ብረት መርጦ እጁ ለዓርብ ስግደት ካልሆነ በቀር ነጥቶ አያውቅም። ከዲፍረንሻሉ ሥር ያለውን ብሎን ሲፈታው፣ ጥቁር ዘይት እንጠብቃለን፣ ነጣ ያለ ነገር እየተንዠቀዠቀ ወረደ።

«እማማ፣» አለኝ ኑሩ፣ «በቅሎ አትወልድም ሲሉ ውሸታቸውን ነው። የእርስዎ ወልዳለች፤ ይኸው ወተቷ።»

ሳቅን። ዘይትና ውሃ አብረው ሲመቱ ወተት እንደሚመስሉ ነገረን፤ አጠበው፣ አዲስ ዘይት ሞላ። በሦስት ሳምንቱ ብሎኑ ሲፈታ ደግሞ ወተት። አሁን የሳቀ የለም። ዘይቱም ከሞላነው ጎድሏል።

ይርጋ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። «እታለም፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ዘይት ጎደለ፣ ውሃ ተገኘ። ድፍን ብረት ነው። ዘይት ወጥቶ ውሃ የሚገባው በሰው እጅ ነው።»

«በማን እጅ?»

«ማኪናዋ ከማን እጅ ውላ ታድራለች?»

እኔ የወገራ ሰው ነኝ። በእኛ አገር በሐሜት ሰው አይከሰስም፤ ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። ነገሩን ሊያውቅ የሚችል ሰው ሁሉ ክብ ይቀመጥና እያንዳንዱ ተነሥቶ «አላደረግሁም፣ አላየሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም» ብሎ ይምላል። ሦስቱንም ነው የሚምለው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል የለም። ለጠፋ በሬ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ለተቃጠለ ክምርም አይቻለሁ። ለዲፍረንሻል ዘይት ሲደረግ ያየሁት በራሴ ግቢ ነው። ሰው ሲስቅብኝም «ፍትሕ በሬ ብቻ አይጠብቅም» አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቅሎዋን መካከል አቁመን ዙሪያዋን ተቀመጥን። የሰፈሩ አዛውንት አያ ደምለው ዳኛ ሆኑ። መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው እንዳያፍር ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኼ ማልኩ። ይርጋ ማለ። ኑሩ ተጠርቶ መጥቶ ስለነበር በእምነቱ ማለ። ተከራዬ፣ ማኪና ውስጥ ገብታ የማታውቅ ሴት፣ አልቅሳ ማለች።

ተካ ጠዋቱን ሙሉ ከማኪናዋ ሥር ነበር፤ እኔም ይፈትሽ ብዬ ትቼዋለሁ። ሲጠራ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«ማል፣ አያ ተካ፣» አሉት አያ ደምለው።

«አልሰረቅሁም። በዚህ እምላለሁ።»

«ሦስቱንም።»

በቅሎዋን አየ። እኔን አየኝ። «ሌላውን አልምልም።»

«ምነው?»

«አልምልም።»

ያኔ አፌ ቀደመኝ። «ያልማለ እሱ ነው የሰረቀው!» አልኩ። በሬ ሲጠፋ እንደዚያ ነው የምናውቀው። ማንም ተይ አላለኝ። ተካ ጨርቁን አጠፈ፣ ቁልፉን ሞተሩ ላይ አስቀመጠና ከግቢው ወጣ።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያ «አያ ውሃ» ይሉት ጀመር። ማኪናውን የሚሰጠው ጠፋ፤ ዘይት ሸጦ ውሃ ለሚሞላ ሰው ማን ቁልፍ ይሰጣል? ቤተሰቡን በመሪ ያሳደገ ሰው አዘዞ አንድ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ይኼን ስሰማ «የእጁን አገኘ» አልኩ። ይኼም ይጻፍብኝ።

መሪውን ይርጋ ያዘ። መንዳት ያውቃል ብላችሁ ሌላ ግፍ ይሆናል። ወንዙ ውስጥ ሁለት ጊዜ አቆማት፤ ተሳፋሪው ሱሪውን ሰብስቦ ወርዶ ገፋ። ወር ሳይሞላ ኑሩ ጋ ወሰድናት። ብሎኑ ተፈታ። ወተት።

እንግዲህ አስቡት። ሌባው የለም፣ ወተቱ አለ። ይርጋን አየሁት።

«ማል!» አልኩት።

«እኔ? በገዛ ማኪናዬ?»

«በግማሿ። ማል።»

«እታለም፣ እብድ ነሽ? የራሴን ዘይት ሰርቄ ለማን እሸጣለሁ?»

«ተካስ ለማን ሸጠ? ገዢውን ያየ አለ?»

ውሃ ስለተገኘ ተካ ሌባ ከሆነ ይርጋም ሌባ ነው። ይርጋ ሌባ ካልሆነ ተካም አይደለም። በሁለት ሚዛን መመዘን አልችልም። ስለዚህ ኑሩን «ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይኔ ሳታሳየኝ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አልኩትና ጋራዡ በር ላይ ባለ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ጭቃ ነው፤ እኔ ገብቼ ልይልዎት።»

«የሰው ዓይን አምኜ ነው እዚህ የደረስኩት» ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ በጀርባዬ ከሥሯ ገባሁ። መግባቱ ቀላል ነበር። ቀሚሴ ከአንዱ ብረት ጋር ተያይዞ መውጣት ስላቃተኝ ግን የሚቀጥለውን ሰዓት ሙሉ እዚያው ተምሬ ጨረስኩ። በዚያ አጋጣሚ ነው የበቅሎዋን አንጀት አንድ በአንድ ያወቅሁት። «ይኼስ?» እላለሁ፣ ኑሩ ከጎኔ ተኝቶ ይመልሳል። «ይኼ ረጅሙስ? ምነው ይኼ ዞረ?» የአዘዞ ሰው እግሬን ብቻ እያየ አደጋ የደረሰ መስሎት ተሰበሰበ።

ኑሩ በመጨረሻ የዲፍረንሻሉን አናት ጭቃ መጥረግ ጀመረ። «እዚህ ላይ መተንፈሻ አለው። አዝራር የምታህል ክዳን ናት...» ብሎ እጁን ገታ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

በጥፍሩ ጫረው። ቢጫ ነገር ተላጠ። አሸተተው። «ሰም ነው እኮ! ማር ማር ይላል። የአውራ ጣት አሻራም አለበት። ይኼን እዚህ የለጠፈ ሰው ማን ይሆን?»

እኔ በጀርባዬ ተኝቼ አውራ ጣቴን አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ዶሮ ነበረችኝ፤ ቆጡን ትታ ከበቅሎዋ ሥር እንቁላል የምትጥል። ክረምት ሊገባ ሲል እንቁላሌን ላነሣ ስገባ ከኋላዋ ብረት አናት ላይ ዘይት ወዝቶ አየሁ፤ ትንሽ ክዳን አለች፣ በዙሪያዋ ላብ የመሰለ ዘይት። የኋላው ግማሽ የእኔ ነው። በእኔ ግማሽ ዘይት ሲባክን ዝም ልል ነው? እንስራ ሲያንጠባጥብ የማር ሰፈፍ አቅልጬ እደፍናለሁ፤ እናቴም፣ እናቷም የደፈኑት እንደዚያው ነው። ሄጄ ሰፈፉን አቀለጥኩ፣ በትንሽ ሞራ አለሰለስኩ፣ ክዳኗን ግጥም አድርጌ መረግሁና በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ሸጋ ሥራ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እንቁላል እንዳነሣሁ ለማን እናገራለሁ? አውጫጭኙ ላይ ስምልም ከነአካቴው አልታወሰኝም። እኔ የምምለው ስለ ውሃ ነው፤ ሰፈፍ ከውሃ ጋር ምን አገናኘው?

«ኑሩ፣» አልኩ ከሥሩ ሆኜ፣ «የለጠፈው ሰው እዚሁ ነው።»

ማኪናዋ እስክትነቃነቅ ሳቀ። ሲበቃው አስረዳኝ። ብረቱ ሲሽከረከር ይግላል፤ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ ያበጠው አየር በክዳኗ ይወጣል። እሷ ከተደፈነች ዘይቱን እየገፋ በጎማዎቹ በኩል ያስተፋዋል። እንዲህ ግሎ ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ ደግሞ አየሩ ይኮማተርና የጠፋበትን ለመተካት ይስባል። አየር ካላገኘ ያገኘውን ይስባል፤ ዙሪያው ያለው ደግሞ ወንዝ ነው።

«ዘይቱን ተፍቶ ውሃውን ጠጣ ማለት ነው?»

«እንደሱ ነው፣ እማማ።»

አፈርኩ። ጠላ ሲፈላ የጋኑን አፍ ግጥም አድርጌ ደፍኜ አላውቅም፤ እንደሚፈነዳ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። የጋኔን ትንፋሽ እያከበርኩ የማኪናዬን አነቅሁ።

ኑሩ ክፍት ክዳን ብቻም ለእኛ ወንዝ እንደማይበቃ ነገረኝ፤ ውሃው ክዳኗን ካለፈ በራሷ በኩል ይስባል። መላው ክዳኗን አንሥቶ በቦታዋ ቀጭን የቤንዚን ቱቦ መሰካትና ቱቦውን ወደ ላይ፣ ውሃ ወደማይደርስበት ሞተሩ አጠገብ ማውጣት ነው። «እንግዲህ በቅሎዋ አፍንጫዋን ከውሃ በላይ ይዛ ትሻገራለች» አለ።

ወዲያው ይሠራው ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ይርጋ ታሪኩን ሰምቶ የመለሰልኝን ስሙ፤ «ሰፈፍ ለጠፍሽ፣ እሺ። ሰፈፍ ዘይት ይጠጣል? ብረትስ ይተነፍሳል? ለተካ አዝነሽ የፈጠርሽው ነው።» አያ ደምለውም «ልጄ፣ ነገሩ ይከብዳል» አሉኝ። ተካ ሌባ የተባለው በሰው ፊት ነው፤ ነጻ የሚወጣውም በሰው ፊት እንጂ በመካኒክ ቃል አይደለም። ምስክር ያስፈልገኛል።

ምስክሩን ያመጣችው ልጄ ናት፤ አንድ የጎማ ጓንት፣ የእጅ። ኑሩ በክዳኗ ቦታ ቱቦ ሰካ፤ ጫፉን በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገብቶ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አቆመውና ጓንቱን አፉ ላይ በክር አሰረው። ጓንቱ እንደ ሞተ እጅ ተንጠለጠለ። ይርጋ መሪውን ያዘ፤ አያ ደምለው ከእሱ ጎን፣ እኔና ኑሩ ከኋላ፣ የተረፈው ቦታ ለገበያተኛ። ጉዞ ወደ አምባ ጊዮርጊስ።

ዳገቱን ግማሽ እንደወጣን አንዲት ገበያተኛ «ኧረ በስመአብ!» አለች። የጓንቱ አውራ ጣት ቀና ብሏል። ጥቂት ቆይቶ ሌባ ጣቱ ተነሣ፤ ከዚያ መካከለኛው። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አምስቱም ጣት ቆሞ እጁ ወፍሮ ሊምል የተነሣ ሰው መስሎ ነበር። ሴትዮዋ የገንዘቧን መልስ ሳትጠይቅ ወረደች።

«ምነው፣ ይኼ እጅ የማነው?» አሉ አያ ደምለው እያማተቡ።

«የዲፍረንሻሉ ነው፣ አያ። እየተነፈሰ ነው።»

ይርጋ በመስታወት አየ። ቁልቁለቱን ወርደን ወንዙ ደረስን። ውሃው ገና ሆዷን ከመንካቱ ጣቶቹ ተራ በተራ ታጠፉ። መዳፉ ሰለለ። ከዚያ ቱቦው ጓንቱን ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር፤ ሁለት ጣት ገባ፣ ሦስተኛው ተከተለ። አያ ደምለው ወንበራቸው ላይ ተንበርክከው ወደ ኋላ ዞረው ያያሉ።

«ጓንቱ ባይኖር ምን ይስብ ነበር?» አሉ።

«የቱቦው አፍ ከውሃ በላይ ስለሆነ አየር። ቱቦው ባይኖርና መተንፈሻው ቢደፈን ግን ከሥራችን ያለውን» አለ ኑሩ።

አዛውንቱ ወንዙን አዩ። «አያ ተካ አልሰረቀም» አሉ።

ይርጋ «በአንድ ጓንት...» ብሎ ጀመረ። መጨረሻውን አልሰማንም። የማዶውን ዳገት በንዴት ጋዝ ረግጦ ሲወጣ እጁ እንደገና ወፈረ፣ ከበፊቱም በለጠ፤ ክሩ ላላና ጓንቱ ተስፈንጥሮ የይርጋን ጆሮ ግንድ ጧ! አደረገው።

«ማን ነው የመታኝ?» ብሎ ፍሬን ያዘ።

«ምስክሩ ነው» አልኩት። እውነቱን ለመናገር የራሴ እጅ እንዲያ ሸጋ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በማግሥቱ አያ ደምለውን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ተካ ዱቄት ለብሶ ነጭ ሆኗል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማልና ከበሩ አጠገብ አንዲት አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። አያ ደምለው «ይችማ ለእንቁላል ጥፋት ናት» ብለው አስጣሉኝና ትልቁን አሸከሙኝ።

ተካ ደንግጦ ሊያወርድልኝ መጣ። «እሜቴ፣ ያስቀምጡት። ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን የተሰደብኩት እዚህ አይደለም።»

ልክ ነው። የሚቀጥለው እሑድ እዚያው ግቢ፣ እነዚያው ሰዎች ክብ ተቀምጠው፣ ድንጋዩን ተሸክሜ እሱ በቆመበት ቆምኩ። ሰፈፉን፣ እንቁላሉን፣ አውራ ጣቴን ሁሉ ተናገርኩ። ይርጋም ጆሮውን እያሻሸ «በድለናል» አለ። በሐሰት ለማልኩት ንስሐ አባቴ የሰጡኝን ስግደት ጉልበቴ ይናገር። ሰኞ አያ ደምለው መናኸሪያ ሄደው ለሹፌሩ ሁሉ ነገሩ፤ «አያ ውሃ» ያለ ሰው ከእሳቸው ከዘራ ጋር እንደሚገናኝም ጨመሩበት።

ኑሩ ቱቦውን በወጉ ሞተሩ አጠገብ አወጣው፤ ዝናብና አቧራ እንዳይገባው አፉን ወደ ታች አጥፎ ጨርቅ አሰረበት። ተካ ቁልፉን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ብሎኑ ሲፈታ የሚወርደው ዘይት ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ሄጄ አያለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም ነበር። አንድ ቀን እሱና እኔ ብቻችንን ገብስ ጭነን ስንመለስ፣ ወንዙን ከተሻገርን በኋላ፣ ጠየቅሁት።

«ተካ፣ አልሰረቅሁም ብሎ መማል ካልከበደህ፣ የቀረውን መማል ምን ከበደህ? አንዲት ቃል ነበረች እኮ የምታድንህ።»

ዳገቱን ጨረስን። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ተናገረ።

«እሜቴ፣ ቃሏ ‹አላየሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም› የምትል ናት። ያን ጠዋት ከማኪናዋ ሥር ጭቃውን ጠርጌ ሰፈፉን አገኘሁት። ውሃው በእሱ የተነሣ እንደገባ ገባኝ፤ መልሼ ጭቃ አለበስኩት። በዚያ ግቢ ሰፈፍ የሚያቀልጥ ከእርስዎ በቀር ማን አለ? እርስዎ ደግሞ አላየሁም ብለው ሲምሉ እዚያው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። አይቻለሁ ብል በአያ ይርጋ ፊት እርስዎን በሐሰት የማለች አደርግዎታለሁ፤ አላየሁም ብል እኔው በሐሰት መማሌ ነው። ሰው ሲበተን ለብቻዎ ልነግርዎት ነበር። እርስዎ ቀደሙኝ።»